የዝግባው ሞግዚት

በቀጨሞ አፋፍ ዝግባ የሚተክል ሰው ሁሉ ከችግኙ ጎን፣ በአንድ አጥር ውስጥ፣ ግራዋ ይተክላል። እንግዳ ሲያይ ይደናገራል፤ ያን የመሰለ ባለ ግርማ ዛፍ በየጓሮው ከሚበቅል መራራ ቁጥቋጦ ጋር ምን አገናኘው? ቢጠይቅ «ሞግዚቱ ነው» ብለውት ያልፋሉ። ነገሩ ለእነሱም በቅጡ የገባቸው አይመስለኝም።

እንደሚነገረው፣ በጥንት ዘመን ጥጊቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ፈንቴ በማሳው ወሰን ላይ ለድንበር ምልክት አንድ የዝግባ ችግኝ ተክሎ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ወንድሙ አስማረ መሬቱን ሲቋምጥ ኖሮ «እዚህ ወሰን የለም» ብሎ ተነሣ፤ ሽማግሌዎችም ነገሩ ቢቸግራቸው ችግኙ እስከ መጪው መስቀል ከቆየ ድንበሩ እሱ እንዲሆን፣ ከሞተ ግን መሬቱ ለአስማረ እንዲሰጥ ፈረዱ። እንዲህ ያለውን ፍርድ ከየት እንዳመጡት እንጃ።

ጥጊቱ ችግኙን በእሾህ አጠረችው። ኅዳር ላይ ግን ውርጭ መታውና ቅጠሉ ረገፈ፤ ማለዳ ሄዳ ብታይ በአጥሩ ውስጥ ሁለት ጭራሮ የመሰሉ እንጨቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ሳይዘሩት የበቀለ አረም ነው፤ ግን የትኛው? ጎንበስ ብላ ብታይ፣ ብትዳስስ፣ አልለይ አላት። ተሳስታ ዝግባውን ብትነቅል መሬቷ መሄዱ ነው። ተጨንቃ ተጨንቃ ሁለቱንም ታጠጣ ጀመር። ክረምት ሲገባ አንደኛው ግራዋ ሆኖ ተንዠረገገና ሌላውን ጨርሶ ሸፈነው። የአስማረ ፍየሎችም፣ ማን እንደለቀቃቸው አይታወቅም፣ አጥሩን ጥሰው ገብተው ያገኙትን ሁሉ ሲግጡ ግራዋው ቢመራቸው ትተውት ወጡ ይባላል።

በመስቀል ማግስት ሽማግሌዎቹ መጥተው ያዩት ግራዋ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ የባልሽ ችግኝ የቱ ነው?» አሏት።

«አባቶቼ፣ እኔ ምኑን አውቄ! ሁለት ነበሩ፤ ተምታታብኝና ሁለቱንም አጠጣሁ። መኖሩንም እንጃ።»

አስማረ ሳቀ። «አረም ስትኮተኩት ከረመች!» ብሎ ግራዋውን ሊነቅል ቅርንጫፎቹን በሁለት እጁ ፈልቀቅ ቢያደርግ፣ ለምለም ዝግባ ከመሐል ብቅ አለ።

መሬቱ ለጥጊቱ ጸና። ዓመታት አልፈው ዝግባው ሲገዝፍ ግን ጥላው ከበደውና ግራዋው ደረቀ። በባሏ ቀብር እምቢ ያላት እንባ ያን ዕለት መጣላት፤ ለግራዋው ይሁን ለፈንቴ ራሷም አልለየችውም ይላሉ።

ዛሬም በቀጨሞ አፋፍ የአንድ ሰው ግራዋ በዝግባው ሥር ሲደርቅ ጎረቤት መጥቶ «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል፤ ሰውየውም «አሜን» ይላል።