የገበሬው የብረት ጉልበት

አስካለ የምትባል አዲስ መምህርት ጡረታ የወጡትን መምህር ገብረየስን እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው፦ «ጋሼ፣ ተማሪዎቼን ጫን ስላቸው ይሰበሩብኛል፤ ስተዋቸው ደግሞ አይለወጡም። ምን ላድርግ?»

እሳቸውም ይህን ነገሯት።

አንድ ቀጥቃጭ ነበረ። እግራቸውን ላጡ ሰዎች የጉልበት መጋጠሚያ ይሠራል። የሚሠራበትም ቲታኒየም ከሌሎች ማዕድናት ጋር የተቀየጠበት፣ ቀላልና ጠንካራ ብረት ነው። አንድ ቀን አንድ እግሩን ያጣ ገበሬ በምርኩዝ እየተደገፈ መጣ።

«ክረምቱ ሳይገባ አድርስልኝ፤ በሬዎቼ ቆመውብኛል» አለው።

ቀጥቃጩ አዘነለትና ቸኮለ። ብረቱን እቶን ውስጥ ከትቶ አጋለው፤ አውጥቶም በትልቁ መዶሻ በጥድፊያ ደበደበው። ቅርፁ አማረ። ወልውሎ ሲያወጣው ገበሬው ደስ ብሎት እጁን ዘረጋ። ቀጥቃጩ ግን አልሰጠውም። ልቡ አላመነም። መጋዝ ላይ አስሮ ለሁለት ቆረጠው።

«ሰውዬ፣ ምን ነካህ!» ብሎ ገበሬው ጮኸ።

«ና እይ» አለና የተቆረጠውን ፊት በማጉያ መነጽር አሳየው። ከውጭ የማይታይ ቀጭን ስንጥቅ ብረቱን በሰያፍ አቋርጦታል። «ብረት ውስጡ እንደ እህል በተጠጋጋ ፍሬ የተሞላ ነው። ስቸኩልበት ሙቀቱ አንድ መስመር ላይ ተከማቸ፤ ብረቱም በዚያው ተንሸራቶ ተሰነጠቀ። ይህን አድርገህ ብትሄድ ማሳህ መሃል ይጥልህ ነበር።»

ገበሬው ስንጥቁን ደጋግሞ አየው። ቆይቶም፣ «እንግዲህ እንደገና ሥራልኛ» አለና ደጅ ወጥቶ ተቀመጠ።

ቀጥቃጩ ከዚያው ዓይነት ሌላ ብረት በፊተኛው ልክ አጋለ። አሁን ግን መዶሻውን ትቶ በመጭመቂያ መሣሪያ ቀስ እያለ ተጫነው። ሲቀዘቅዝ መልሶ አጋለው፤ ደግሞ ተጫነው። እንዲህ ሲያደርግ ሰነበተ። ብረቱ ውስጥ የነበሩት ረጃጅም ቅጠል መሳይ ፍሬዎች እየተቆራረጡ ድቡልቡል ሆኑ፤ ጫናው በበረታበት ቦታም አዳዲስ ደቃቅ ፍሬዎች ተፈጠሩ። ከጫፉ ቆርጦ በመነጽሩ ሲያይ ሁሉም እኩል ተጠጋግቷል፤ አንድም ስንጥቅ የለበትም። ያን ጊዜ ገበሬውን ጠራው።

ገበሬው የመጀመሪያው ዝናብ አመለጠው። ሐምሌ ላይ ግን ምርኩዙን ቤቱ ትቶ፣ ጭቃው ውስጥ በሁለት እግሩ ቆሞ ጤፉን ዘራ።

መምህር ገብረየስ ወደ አስካለ ዞር አሉ።

«ብረቱም ያው፣ እሳቱም ያው ነበር፣ ልጄ። የተለየው ውስጡን የሚያድስበት ጊዜ ማግኘቱ ነው። ተማሪዎችሽም እንደዚያ ናቸው። መጫኑን አትተዪ፤ ከተውሽው እንዳሉ ይቀራሉ። ግን ከባድ ጥያቄ ጠይቀሽ መልሱን ወዲያው ካላመጣችሁ አትበያቸው። ታገሺ። ዝም ሲሉሽ ሰነፉ ብለሽ አትቆጪ፤ ውስጣቸው የሚሠራው ያን ጊዜ ነው።»