የይማም የጨው ግንብ

ከቆላ የሚወጣ ጨው በሚራገፍበት ደጋ አገር፣ ሰው ካለው በላይ ሊመስል ሲጣጣር ሽማግሌዎች የሚሉት ነገር አለ። አባባሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ የይማምን ግቢ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

በዚያ በጋ ከይማም ጥማድ አንዱ በሬ ሞተ። የሚስቱ የሐዋ ወንድሞች ቆላ ወርደው ስልሳ አራት ጨው አመጡላት፤ እያንዳንዱ ቁመቱም፣ ወርዱም፣ ጎኑም ልክ አንድ ስንዝር ሆኖ የተጠረበ። ክረምት ገብቶ መንገድ ሲዘጋ ጨው ይወደዳል፤ ያኔ በበሬ ሊለውጡት አሰቡ። ከብት በሚያድርበት ቤት ጨው ያልበዋልና ግቢው ውስጥ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ አኖሩት።

የደረደረችው ሐዋ ናት፤ ወደ ጎን አራት፣ ወደ ውስጥ አራት፣ ወደ ላይ አራት። ከዚያ ዝናብ የሚያገኘውን ፊት ብቻ ቆጠረች። አራቱ ጎኖች አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት፣ አናቱም አሥራ ስድስት፣ በድምሩ ሰማንያ ፊት። አንድ የፍየል ቆዳ ስምንት ፊት ይሸፍናል። ያጠራቀመችውን ቅቤ ሰጥታ አሥር ቆዳ ለወጠች። አልተረፈም፣ አልጎደለም።

ሰኔ ሲገባ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ተሰማ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ሐዋ ወፍጮ ቤት ሄደች። ይማም ክምሩን አየው። ትንሽ መሰለው። ቆዳውን ገፈፈና ጨውን አፍርሶ፣ በበሩ ትይዩ አሥራ ስድስት ወደ ጎን፣ አራት ወደ ላይ አድርጎ እንደ ግንብ አቆመው። ውፍረቱ አንድ ጨው ብቻ ነበር።

ሐዋ ዱቄቷን እንደተሸከመች ቆመች።

«ምን አረግኸው አንተ?»

«አበዛሁታ!»

«ስልሳ አራት አልነበር? አሁን ስንት ሆነ?»

«ያው ነው። ግን እስቲ እይው!»

«አየሁት። ቆዳውስ አብሮ በዛ?»

«ማታ እመልሰዋለሁ አልኩሽ! ሰዎቹ ደርሰዋል፣ አታዋርጂኝ።»

ሐዋ ዝም አለች። ይማም ኋላ ዕድሜውን ሙሉ ሲጸጸት የኖረው በዚያች ዝምታ ነው፤ አንድ ቃል ብትጨምር ይመልሰው የነበረ ይመስለዋል።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ሙሄ በወጣትነታቸው ጨው ጫኝ ነበሩ። ሲገቡ ግንቡን ቆም ብለው አዩት፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ይማም ያደነቁ መስሎት ደረቱን ነፋ።

ምሳው ሳይነሳ ሰማዩ ተቀደደ። ይማም ሮጦ ቆዳውን ያለብስ ጀመር። አሥሩ ቆዳ አለቀ፤ ጨው ግን ገና ግማሽ ያህሉ ራቁቱን ነበር። ትናንት ክምሩ ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው ሁሉ ዛሬ ደጅ ወጥቷል። እንደ ቀድሞው ሊከምረው አንዱን አነሳ፤ ከእጁ ሟልጮ ተሰበረ። ሐዋም ደርሳ ግንቡን በትከሻዋ ደገፈች። ከሥሩ ነጭ ውኃ ይፈስ ነበር።

«ልቀቂው፣ ይጨፈልቅሻል!» አላት።

ለቀቀችው። ግንቡ ጭቃው ላይ ተዘረረ።

ሲያባራ ሐዋ ከጭቃው ውስጥ ደህናዎቹን ለቀመች። አሥራ አንድ አገኘች። አሥራ አንድ ጨው በሬ አያመጣም። ይማም ሊያግዛት ጎንበስ ሲል ቀና ብላ አላየችውም።

«አያ ሙሄ፣» አለ ይማም አንገቱን ደፍቶ፣ «እንዳትንቁኝ ብዬ እኮ ነው።»

«እኛ የመጣነው ለልጅቷ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ጨውህንም ስገባ ቆጥሬዋለሁ፤ ስልሳ አራት ነበር። ተከምሮ ቢቆይም ያው ስልሳ አራት ነበር።»

ከዚያ ባዶውን መደብና ጭቃው ላይ የተበተኑትን አሥር ቆዳዎች አዩና፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው እንዲህ አሉ፦ «ለዓይን የዘረጉት ለዝናብ ይተርፋል።»