ዳር ላይ የተከመረ ድንጋይ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መሪጌታ ፍሬስብሐት፣ ምንተስኖት ጥያቄውን ገና አስረድቶ ሳይጨርስ። «ወንዝ ልጁን የወሰደበት ሰው።»

«የኔታ፣ እኔ እኮ የጠየቅሁዎት ስለ ወንዝ አይደለም።»

«ስለ ምን እንደጠየቅኸኝ አውቃለሁ። አረጀሁ እንጂ አልደነቆርኩም።»

ምንተስኖት በልጅነቱ ዳዊት ያስደገሙት ተማሪያቸው ነው። ዛሬ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኗል። ከጓደኞቹ ጋር በስልክና በኮምፒውተር ላይ የአማርኛ አጻጻፍ ስሕተት የሚያርም ፕሮግራም ሠርተዋል። አይሸጥም፤ ውስጡም ለሁሉ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ያያል፣ ያስተካክላል፣ ይጨምራል። ከየአገሩ የሚሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ስድቡ ሲበዛባቸው ምንተስኖት የሥነ ምግባር ደንብ ጻፈ። ደንቡ መልካም ነው። ብቻ አናቱ ላይ በስመ አብን አደረገበት፤ ግርጌውም ላይ ማንኛውም ሠራተኛ «በዚህ አምኜ እሠራለሁ» ብሎ ምልክት እንዲያደርግ አዘዘ። ከመጀመሪያዋ ቀን አንሥቶ አብራው የሠራችው የኮምቦልቻዋ ነኢማ ምልክቱን አላደረገችም፤ ከመካከላቸውም ጠፋች። ሌላው ጓደኛው ደግሞ «ሃይማኖት የሚባል ነገር አይግባብን፤ ደንብ የሚባለውም ራሱ ይቅርብን» ብሎ ተነሣ። ሥራው ሊፈርስ ነው። ምንተስኖት የመጣው «እምነቴን ደጅ ጥዬ ልግባ ወይስ ይዤው ልግባ?» ብሎ ሊጠይቅ ነበር።

«በል አፍህን ዘግተህ ስማ» አሉት መሪጌታ፤ እንዲህም ብለው ተረኩለት።

ያ ሰው ገበሬ ነው። ሀብታም አይደለም፣ ደሃም አይደለም፤ ጾሙን የማይገድፍ፣ ኪዳን የማያስታጉል፣ ነዳይ ሲያይ ፊቱን የማያዞር ሰው ነው። በመንደሩና በገበያው መካከል ወንዝ አለ። ከወንዙ ወዲህ ክርስቲያኖች፣ ከወንዙ ወዲያ ሙስሊሞች ይኖራሉ፤ ግጦሹም ገበያውም የጋራቸው ነው። በበጋ ጠቦት የሚዘለው ወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ ግን፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? አንድ የሐምሌ ቀን የሰውየው ልጅ «ጉልበት አይደርስም» ብሎ ገባበት። ደራሽ መጣ። ከማዶ አንድ ሙስሊም ጎረቤቱ አይቶ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ዘሎ ገባ። የልጁን እጅ ያዘ፤ ውሃው አስለቀቀው። እሱንም እያላተመ ወስዶ ታች የዛፍ ሥር ላይ ጣለው። ልጁ አልተረፈም።

ሰውየው የልጁን አርባ ካወጣ በኋላ ወንዙ ዳር ቆሞ ተሳለ። «ከሚመጣው ክረምት በፊት ድልድይ እሠራብሃለሁ፤ ሌላ እናት አታስለቅስም» አለው ወንዙን። ድልድዩ ለሚያልቅበት ቀን ብሎም አንድ ወይፈን ለይቶ መቀለብ ጀመረ።

ድልድይ ግን በአንድ ሰው ጉልበት አይቆምም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ደቦ ጠራ። «ድንጋይ ያለህ ድንጋይ፣ እንጨት ያለህ እንጨት ይዘህ ና። ድልድዩ የኔ አይደለም፤ የሚሻገርበት ሁሉ ነው» አለ። ከወዲህም ከወዲያም መጡ። ያ ልጁን ሊያድን ገብቶ የነበረው ጎረቤቱ ከሁሉ ቀድሞ መጣ።

እጅ ሲበዛ ምላስም ይበዛል። አንዱ የሌላውን ድንጋይ አይቶ «ይሄ ምሰሶ ነው ወይስ የእናትህ ጉልቻ?» ይለዋል። ለማጅ የሆነው አፍሮ በማግስቱ ይቀራል። አንዱ የጠረበውን ሌላው «እኔ ነኝ የጠረብኩት» ይላል። ሰውየው ይህንን አይቶ አዘነና አንድ ማለዳ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሕግ አወጣ። «ለማጅን የሚያዋርድ ከዚህ ይሂድ። ያጣመመውን ሰው ለብቻው ጠርታችሁ አቃኑለት። የሰው ድካም የኔ ነው የሚል አይኑር።» ሁሉም እሰየው አሉ። ምን ያደርጋል፣ እዚያ ላይ አልቆመም። «ድንጋይ የሚተክል ሁሉ አስቀድሞ ያማትብ፣ አባታችን ሆይ ይበል። ምሳም ከዛሬ ጀምሮ ከአንድ ድስት ነው፤ ማዕድ የሚለይ የፍቅር ጠላት ነው» አለ። ከልቡ ነው የተናገረው፣ ክፋት አልነበረበትም። ያን ቀን ሙክት አርዶ ሁሉንም በአንድ ላይ ሊያበላ ደግሶ ነበር።

ጉድ እኮ ነው! በዚያ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን እንዴት ይስታል? ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ይህን እረኛውም ያውቀዋል። እሱ ግን ፍቅሩ ዓይኑን ጋረደውና «አንድ እንሁን» ሲል «ሁላችሁም የኔን ብሉ» ማለቱ መሆኑ አልታየውም።

ምሳ ሲደርስ የማዶ ሰዎች ዛፍ ጥላ ሥር ሄደው ተቀመጡ። በማግስቱ ግማሾቹ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ያ ጎረቤቱ ብቻ ነው። ይመጣል፤ ድንጋይ ከገደሉ ሥር ተሸክሞ ያወጣል፤ ምሰሶው ላይ ግን አይተክለውም። ዳር ላይ አስቀምጦ ይመለሳል፤ ለመትከል ማማተብ አለበታ። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻውን ተቀምጦ ከኪሱ ቆሎ እያወጣ ይቆረጥማል። ዳር ላይ ያለው ክምር አደገ። ሰውየው ክምሩን ባየ ቁጥር ይናደዳል። «ፍቅሬን ናቀው፤ ማዕዴን ተጠየፈው» ይላል በሆዱ።

ይህን ያየ አንድ ጎረምሳ «አባባ፣ ምን አስጨነቀዎት? ሕጉን ሁሉ ይሻሩት። ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ማን ሃይማኖቱን ጠየቀው?» አለ። ሰውየው ተሰላችቶ ስለነበር ሻረው። ዕለቱኑ ስድቡ ተመለሰ፤ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች በአካፋ ተፈላለጡና የቀረውም ሰው ተበተነ። ይኸው ሰኔ ገባ፤ ምሰሶዎቹ ወገብ እንኳ አልደረሱም፤ በተራራው ላይ ደመናው ይከመራል። ሰውየው ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። የሌላ ሰው ልጅ በዚያው ወንዝ ሲሄድ ታየው።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ጎረቤቱን ከሰሰላት። ሚስቱ ልጇን የቀበረች ሴት ናት፤ ትዕግሥቷ አልቋል።

«አንተ ሰው፣ ልብ የለህም እንዴ?» አለችው። «የሱ ልጅ ሲዳር ረሳኸው? ሳንደርስ በግ ለብቻ አስሮ፣ አዲስ ድስት ገዝቶ፣ ‹እንካ፣ በወጋችሁ ባርከህ እረድ› ብሎ ቢላዋውን በእጅህ አልሰጠህም? ያን ቀን ጠግበህ በላህ። ‹ማዕዴን ተጠየፈው› ብሎ የከሰሰህ ማነው? የእኛን ልጅ ሊያወጣ ሲገባስ ‹መጀመሪያ ቢስሚላህ በል› ብሎታል?»

ሰውየው በነጋ ጊዜ ያንን የስለት ወይፈን ፈታው። ሚስቱ አዲስ ድስትና አዲስ ጭልፋ ተሸክማ ተከተለችው። ውሃው ሽቅብ ማለት ጀምሯል፤ ወይፈኑን እየጎተተ ተሻገረና ጎረቤቱ ደጅ ቆመ።

«ምን እግር ጣለህ?» አለው ጎረቤቱ።

«እንካ፤ በእጅህ እረደው። ለናንተ ነው። ድስቱንም ጭልፋውንም የኛ ነገር አልነካውም።»

ጎረቤቱ ገመዱን ለመቀበል አመነታ። «ይሄ የስለትህ ወይፈን አይደለም?»

«የተሳልኩት ድልድይ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም።»

«አንተስ ምን ልትበላ ነው?»

«እኔማ የሰኔን ጾም ይዣለሁ። ከዚያች ቆሎህ ታካፍለኛለህ።»

ጎረቤቱ ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሕጉስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሕጉ ይመለሳል። ለማጅ አይዋረድ ያልኩትን ከቤተ ክርስቲያኔ ነው ያመጣሁት፤ አልሽረውም።»

«እሱማ ከኛም ቤት አለ።»

«አንድ ነገር ግን አንሥቻለሁ። እኔ አማትቤ እተክላለሁ፤ አንተ ቢስሚላህ ብለህ ትከል፤ ምንም የማይል ሰው ቢኖርም ዝም ብሎ ይትከል። ምሰሶው ግን ቀጥ ይበል።»

ያን ቀን ከወዲያም ከወዲህም ሰው ጎረፈ። ዳር ላይ የተከመረው ድንጋይ ሁሉ ተነሥቶ ምሰሶው ውስጥ ገባ። ምሳ ሰዓት ላይ የማዶ ሰዎች የወይፈኑን ሥጋ በሉ፤ የወዲህኞቹ ሽሯቸውን በሉ። ሰውየው ከጎረቤቱ ጎን ተቀምጦ ቆሎ ቆረጠመ። ጾሙን አልገደፈም፣ ማተቡን አልበጠሰም፣ ከእምነቱ አንዲት ፍሬ አላጎደለም። እንዲያውም ሚስቱ «ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ቀን ክርስቲያን ሆኖ አይቼው አላውቅም» ትል ነበር።

ሐምሌ ላይ ደራሽ ሲመጣ ልጆች ድልድዩ ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩት ነበር።

መሪጌታ ተረኩን ጨረሱ። ከዚያም ወደ ምንተስኖት ዞረው አፈጠጡበት።

«ያ ሰው አንተ ነህ። ደንብህን ከየት አመጣኸው? ጀማሪ አታሳፍሩ፣ የሰው ሥራ አትስረቁ ያልኸውን እዚህ እኔ ጋ አይደል የተማርከው? ታዲያ ለምን ትጥለዋለህ? ያ ‹ደንብ ይቅር› የሚልህ ጓደኛህ በአካፋ ሊያፈላልጣችሁ ነው። እምነትህን ደጅ አትጣል፤ ይዘኸው ግባ። በስመ አብን ግን አንተ በልበት፤ ኮምፒውተርህን ስትከፍት፣ ፊትህን አማትበህ። ለሰው የምታዘው ጸሎትህን አይደለም። ለሰው የምታደርግለት ጸሎትህ ያስተማረህን ነው። ጾም ራስህ ትራብ ዘንድ ነው የታዘዘልህ፤ ጎረቤትህን ልታስርብበት አይደለም። ገባህ?»

«ገባኝ፣ የኔታ።»

«አልገባህም፤ ቢገባህ ኖሮ እዚህ ቁጭ ብለህ አታዳምጠኝም ነበር። ልጅቱስ? ጨርሳ ሄደች?»

ምንተስኖት አንገቱን ደፋ። «ምልክቱን ስላላደረገች ሥራዋን ማስገባት አትችልም» አለ። «ግን የኔታ… ስሕተት ያገኘች ጊዜ ሁሉ እርማቱን አብራን ለምትሠራ ጓደኛዋ ትልክላታለች። ‹በስሜ አታስገቢው፤ ብቻ እንዳይበላሽ› ትላታለች አሉ። ትናንትም ልካለች።»

መሪጌታ በትራቸውን አንሥተው መሬቱን መቱት።

«አየህ አንተ ደንቆሮ! ድንጋይዋን ተሸክማ መጥታ ዳር ላይ እየከመረችልህ ነው። ምን ትጠብቃለህ?»

«ደንቡን አስተካክዬ ልጻፍና…»

«ደንቡን ነገ ትጽፈዋለህ። ያ ሰው ሕጉን ያስተካከለው ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ነው» አሉት። «ተነሥ፤ ውጣና ደውልላት።»

ምንተስኖት ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ደጁን ሳይሻገርም ስልኩን ከኪሱ አወጣ።