በጨለማ የዋኙት አይጦች

አንድ የዓይን በሽታ ተመራማሪ ነበር፤ ዶክተር ይስማው ይባላል። ስምንት ዓመት የደከመበትን የዓይን ጠብታ፣ በበሽታ ማየት በተሳናቸው አሥራ አንድ አይጦች ላይ ሞከረው።

ፈተናው ቀላል ነው። አይጧ ገንዳ ውስጥ ትለቀቃለች። ከፊቷ ሁለት ሰሌዳዎች አሉ፤ አንዱ ግራጫ፣ ሌላው ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው። ከውኃው የምትወጣበት መቆሚያ ያለው ከባለመስመሩ ኋላ ነው። ሰሌዳዎቹ ቦታ ሲቀያየሩ መቆሚያውም አብሮ ይዛወራል። የምታይ አይጥ መስመሩን አይታ በቀጥታ ትሄዳለች፤ የማታይ ትንከራተታለች።

በአርባኛው ቀን አሥራ አንዱም በቀጥታ ሄዱ። ይስማው ደስታውን መያዝ አቃተው። ጠብታው በሰው ላይ እንዲሞከር ፈቃድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፈ። ዓይናቸው የደከመ ሠላሳ ሰዎችም ተመዘገቡ።

ደብዳቤውን ሊልክ በተነሣበት ጠዋት፣ አይጦቹን የሚንከባከቡት እትዬ አልጋነሽ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዶክተር፣ ትናንት አንዷ አይጥ ውኃ ውስጥ እያለች መብራት ጠፍቶ አልነበር?»

«አዎ፣ ጄኔሬተር ላስነሣ ወጣሁ።»

«እኔ በስልኬ እያበራሁ ላወጣት ገባሁ። መቆሚያው ላይ ወጥታ ተቀምጣለች። በዚያ ጨለማ ምን አይታ ነው?»

«አጋጣሚ ይሆናል፣ እትዬ።»

«ይሆናል። ያየሁትን ነው የነገርኩዎ።»

ይስማው ቅር አለው። ደብዳቤውን ግን መላክ አልቻለም። መስኮት የሌለውን ክፍል መብራት ራሱ አጥፍቶ አይጦቹን አንድ በአንድ ለቀቀ። ትንሽ ቆይቶ ባበራ ቁጥር አይጧ መቆሚያው ላይ ናት። መቆሚያውን ሲያሸተው ነገሩ ገባው። ለካ በደንብ ታጥቦ አያውቅም፤ የሚመራቸው የራሳቸው ጠረን ነበር። አሳጥቦ በብርሃን ደገመው። ሳይሳሳቱ የሄዱት ሦስቱ ብቻ ሆኑ።

ደብዳቤውን ቀደደ። ሙከራው ለጊዜው እንደቀረ ሊነግራቸው ለሠላሳውም ሰዎች ራሱ ደወለ።

«ታዲያ መቼ ነው?» አሉት አንድ አባት።

«አላውቅም፣ አባቴ። ሦስት አይጦች ግን በእርግጥ አይተዋል።»

ከሦስቱ ተነሣ። ከሌሎቹ በዕድሜ የሚያንሱ መሆናቸውን አስተዋለ። ጠብታውን ለሌሎች አይጦች በሽታው ሳይጠናባቸው መስጠት ጀመረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የላከው ደብዳቤ ያለ ጥርጥር የፈረመበት ነበር፤ ፈቃዱም መጣ።

ወዳጆቼ፣ በጣም የምንፈልገው ውጤት ሲገኝ መመርመር እናቆማለን። ደግመን መመርመር ያለብን ግን ያኔ ነው። ከአሥራ አንድ የሚያጠራጥሩ ሦስት እውነተኞች ይበልጣሉ፤ በእነሱ ላይ መሥራት ይቻላልና። እናንተስ፣ ደስ ባላችሁ ሰዓት «ይህን አይቻለሁ» የሚላችሁን ሰው ቁጭ ብላችሁ ትሰሙታላችሁ?