የአያ ሸርጣን መስኮት

ተረቴ መጣላችሁ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። እመት ዛጎልን የበደላት አያ ሸርጣን ነው። በባሕሩ ዳር፣ አየር በማይደርስበት ጥቁር ጭቃ ሥር፣ መርዘኛ መዳብ ታስሮ ተኝቶ ነበር። ሸርጣን ደርሶ ቤት ሊሠራ ጭቃውን መቆፈር ጀመረ።

«ተው አንተ! አየር ካገኘ ይነቃል፤ ልጆቼን ይፈጅብኛል!» አለችው እመት ዛጎል።

«እሜቴ፣ መስኮት የሌለው ቤት ያፍናል። አንቺ ቤትሽን በጀርባሽ ተሸክመሽ ስለ ቤት ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ ሳቀባት፤ መቆፈሩንም ቀጠለ።

አየሩ በጉድጓዱ ወረደ፤ መዳቡም ነቅቶ ወደ ውሃው ወጣ። ሳይመሽ ሁለት ልጆቿ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

በማግስቱ ጠዋት እመት ዛጎል ተስባ መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጉብ አለች።

«እሜቴ፣ ኧረ ታፈንኩ!» አለ ሸርጣን ከውስጥ።

እሷም ይበልጥ ተደላድላ ተቀመጠች።