የትርንጎ ጥርስ

በአንድ ወቅት፣ በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ በተቀመጠች አንዲት መንደር፣ አራት ልጆች ወልዳ ከአራቱ አንዱም «እማዬ» ብሏት የማያውቅ ሴት ነበረች። ስሟ ያልጋነሽ ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አፍ ሳይፈቱ ሞቱ። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን በሕይወት አሉ፤ ይሮጣሉ፣ ይጣላሉ፣ አፋቸውም እንደ ውሃ ወፍጮ ሲያጓራ ይውላል። ታዲያ እንዴት እናታቸውን እናት ሳይሉ ቀሩ? ነገሩ እንዲህ ነው።

ያልጋነሽ ሦስተኛዋን ባረገዘች ጊዜ አማቷ እማማ ጌጤነሽ አንድ ምክር አመጡ። እማማ ጌጤነሽ በወጣትነታቸው ባል ሞቶባቸው አንድ ልጃቸውን ደምላሽን በብቸኝነት ያሳደጉ፣ የጎተራውን ሆድ በዓይናቸው ብቻ አይተው እስከ የትኛው ጾም እንደሚያደርስ የሚናገሩ ሴት ነበሩ።

«ሞት ይህን ቤት ለምዶታል» አሉ። «የለመደ ውሻ በዱላ አይመለስም፤ የሚበላው ሲያጣ ነው የሚመለስ። ልጁ የዚህ ቤት አይሁን። እንሽጠው።»

በዚያ አገር ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ልጅ የማይበረክትላት ሴት የወለደችውን ለጎረቤት በትንሽ ነገር ትሸጣለች። ሞት ሲመጣ የሰው ልጅ እንጂ የእሷን አያገኝም፤ ተታሎ ይመለሳል። ልጁ ጠንክሮ ሲያድግ የተቀበሉትን መልሰው ይዋጁታል። ሽያጩ ለሞት ጆሮ ነው እንጂ ለሰው አይደለም፤ እንደዚያ ነው የሚባለው።

ገዢ ሆና የቀረበችው ስንዱ ነበረች። ስንዱ ልጅ ባለመውለዷ ባሏ የፈታት፣ ከአጥሩ ማዶ ለብቻዋ ሰፌድ እየሰፋች የምትኖር ሴት ናት። ሦስተኛዋ ልጅ፣ ትርንጎ፣ በተወለደች ዕለት አንድ እፍኝ ጨው ይዛ መጣች። እማማ ጌጤነሽ ጨዉን ተቀብለው ሕፃኗን በአጥሩ ላይ አሻገሩላት። ስንዱ ስም አወጣችላት፤ ከዚያም መልሳ «ልጄን አጥቢልኝ» ብላ ለያልጋነሽ ሰጠቻት። ውሉንም በሁለት ጎረቤቶች ፊት ተናገሩት።

«የመጀመሪያ ጥርሷ ሲነቀል ጨውሽን እንመልሳለን፤ ልጃችንን ትመልሺያለሽ» አሉ እማማ ጌጤነሽ። «እስከዚያ ያንቺ ናት።»

«እስከዚያ የእኔ ናት» አለች ስንዱ።

ጨዉ የዚያኑ ዕለት ማታ ወጥ ውስጥ ገባ፤ ሁሉም በሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ወንዱ፣ ማሬ፣ ሲወለድም በዚያው እፍኝና በዚያው ቃል ተሸጠ።

እንግዲህ በያልጋነሽ ቤት የነበረውን ኑሮ አስቡት። ልጆቹን የምታጥባቸው እሷ ናት፤ የምታበላቸው እሷ ናት፤ ሌሊት ሲሸኑ አንጥፋ የምታስተኛቸው እሷ ናት። «ልጄ» ማለት ግን አትችልም። ብትስማቸው አማቷ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ስታጠባ እንኳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የስንዱን ልጅ እያጠባሁ ነው» ማለት ነበረባት፤ በበሩ የሚያልፈው እንዲሰማ።

ትርንጎ አፍ ስትፈታ፣ አንድ ቀን ድንጋይ አደናቅፏት ጉልበቷ ተላጠ። እየጮኸች ወደ ያልጋነሽ ሮጠች። እጇን ዘርግታ «እማ—» ስትል ያልጋነሽ ቃሉን ሳታስጨርስ ትከሻዋን ይዛ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረችው።

«እናትሽ ማዶ ናት» አለቻት። «ወደዚያ ሂጂ።»

ልጅቷ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ስትወድቅ ወዴት እንደምትሮጥ ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ታውቀዋለች።

ስንዱም አላሳፈረቻትም። ማታ ማታ ስፌቷን አስቀምጣ በአጥሩ በር ትገባለች፤ ጉያዋ ውስጥ የተጠበሰ በቆሎ አይጠፋም። ልጆቹ ኮቴዋን ከሩቅ ይለያሉ።

«እማዬ መጣች! ያልጌ፣ በርጩማውን አምጪላት!» ትላለች ትርንጎ።

«ያልጌ፣ ትርንጎ ትልቁን በቆሎ ወሰደችብኝ!» ይላል ማሬ።

«አንተም ትንሽ ነህ፣ ትንሹ ይበቃሃል» ትለዋለች ያልጋነሽ።

«አንቺ ምን አገባሽ! ለእማዬ ነግሬ አስመታሻለሁ!»

እማማ ጌጤነሽ በዚህ ጊዜ ከት ብለው ይስቃሉ። «ጎሽ የኔ አንበሳ! ሞት እንዲህ ሲባል ይስማ!» ደምላሽ እሳቱን ይቆሰቁሳል። ያልጋነሽ እንጨት ላምጣ ብላ ትወጣለች፤ እንጨቱ ግን ሁልጊዜ እቤት ውስጥ ነበር።

ትርንጎ አምስት፣ ማሬ ሦስት ዓመት ሲሆናቸው በመንደሩ ኩፍኝ ገባ። ሁለቱም በአንድ ቀን ወደቁ። ያን ጊዜ ሦስቱ ሴቶች እያንዳንዳቸው የሚችሉትን አደረጉ።

ስንዱ ልጆቹን አንዱን በጀርባ አንዱን በክንድ አድርጋ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። ዓይናቸው ብርሃን አልችል ሲል በሩን በሰሌን ጋረደች። አፍንጫቸው ሲዘጋ በአፏ መጠጠችው። ስፌቷን ጣለች፤ ያልሰፋችውን ማን ይገዛታል? ለምግብ የተቀመጠውን እህል ለዘር ከተቀመጠው ጋር በላች።

እማማ ጌጤነሽ ምርኩዛቸውን ይዘው በአጥሩ በር ላይ ተቀመጡ። ያልጋነሽ ልግባ ስትል ምርኩዙን ደረቷ ላይ ይደቅኑባታል። «ሞት ደጃፍ ላይ ነው። እናት ስታለቅስ ከሰማ የማን እንደሆኑ ያውቃል። አትገቢም!» ብርድ ጎናቸውን ወጋቸው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቀና ብለው ሄደው አያውቁም። ከበሩ ግን አልተነሡም።

ያልጋነሽ ደግሞ አላለቀሰችም። ያደረገችው ይህን ብቻ ነው። ከላሟ አልባ፣ አፍልታ፣ ወተቱን በአጥሩ ሥር ታሾልካለች፤ የልጆቿን ሲቃ እየሰማች የማሽላ አረም ታርማለች። መንገደኛ ሲያልፍ «የማን ልጆች ናቸው የታመሙት?» ቢላት «የስንዱ» ትላለች። ከንፈሯን ነክሳ ነክሳ ጠባሳ ቀረባት።

በመንደሩ ብዙ ልጅ ተቀበረ። እነ ትርንጎ ዳኑ። እርግጥ ነው፣ ተሸጠው የሞቱም ነበሩ፤ ሳይሸጡ የዳኑም ነበሩ። ይህን ግን ማንም ቆጥሮ ያየ የለም። ሦስቱም ሴቶች በየልባቸው «ያዳንኳቸው እኔ ነኝ» አሉ።

ያልጋነሽ «እማማ፣ አሁንስ ድነዋል፤ እንዋጃቸው» ብላ ለመነች።

«ጥርስ ሳይነቀል? ያመለጥነውን ጅብ ተመልሰሽ ልትጠሪው ነው?» አሏት።

እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት አለፈ። ትርንጎ ስድስት ዓመት ሞላት፤ የፊት ጥርሷም ትነቃነቅ ጀመር። በዚያው ሰሞን ስንዱ ከአባይ ማዶ መልእክት መጣላት። ወንድሟ ሞቶ መሬቱን ለእሷ ትቶላታል። ባሕር ዛፍ የማይበቅልበት፣ ሰው ሄዶ የማይመለስበት ሩቅ ቆላ ነው። ስንዱ በአጥሩ በር ገብታ ሳትቀመጥ ተናገረች።

«ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ።»

«የትኞቹን ልጆችሽን?» አለ ደምላሽ። ድምፁ ሲጮህ ቤተሰቡ ያን ቀን ገና መስማቱ ነበር።

«በጨው የገዛኋቸውን።»

«እሱ እኮ ለሞት ጆሮ የተባለ ነው፣ ስንዱ!»

«ለሞት ጆሮ ብቻ ከሆነ እኔን ለምን ነገራችሁኝ? እኔም ጆሮ አለኝ። ሰማሁ፤ አመንኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ እናት ነሽ ስትሉኝ ከርማችሁ ዛሬ ሰፌድ ሰፊ ነሽ ልትሉኝ ነው?»

ነገሩ ለመንደሩ ሽማግሌ ለአባ ጓንጉል ቀረበ። አባ ጓንጉል ውል የሚያከብሩ፣ ጠማማ ቃል የማይወዱ ሰው ነበሩ። አሰቡበት፤ ከዚያም «ቃል የወጣው በጥርስ ነው፤ ፍርዱም በጥርስ ይሆናል» አሉ። «እስከ መጪው እሑድ የትርንጎ ጥርስ ከተነቀለ፣ ጥርሱንና ጨዉን አቅርባችሁ ልጅቷን ትዋጃላችሁ። ካልተነቀለ የስንዱ ናት፤ ትሂድ። ማሬ ግን ጥርሱ ገና ነው፤ ያለ ጥርጥር የስንዱ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለት ቤት ሰው አንዲት የልጅ አፍ ሲጠብቅ ሰነበተ። እማማ ጌጤነሽ ጠዋት ጠዋት የባቄላ ቆሎ ይሰጧታል፤ «አኝኪው የኔ እመቤት፣ በፊት በኩል አኝኪው» ይሏታል። ማታ ማታ ስንዱ ለስላሳ ገንፎ በቅቤ አድርጋ ታጎርሳታለች፤ «አታኝኪው፣ ዋጪው» ትላታለች። አንድ ቀን እማማ ጌጤነሽ ክር ይዘው ሲመጡ ልጅቷ ኡኡታዋን አቅልጣ አጥሩን ዘላ አመለጠች።

ቅዳሜ ትርንጎ ዝም አለች። ሲያናግሯት በራሷ ብቻ ትነቀንቃለች፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናነበች። «ጥርሷን አሟታል» ተባለ።

እሑድ ጠዋት ያልጋነሽ ለሸንጎው ልታዘጋጃት ከጓሮ አጠበቻት። ቀሚሷን ልትጨምቅ ስትል በጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ እጇ ገባ። ፈታችው። ከሩዝ ፍሬ ትንሽ የምትበልጥ ነጭ ጥርስ መዳፏ ላይ ወደቀች።

ትርንጎ አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«መቼ ወደቀ?» አለች ያልጋነሽ።

«አትንገሪ፣ ያልጌ።»

«መቼ ወደቀ አልኩሽ?»

«አርብ። በገንፎው ውስጥ። ለእማዬም አልነገርኳት፤ እሷ መዋሸት አትችልም።» ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «ከነገርሽ እማዬ ትሄዳለች፣ ማሬም ይሄዳል። እኔ ካንቺ ጋር ብቻዬን ልቀር ነው?»

ትርንጎ አየቻት፣ አየቻትና እንባዋን ጠረገች። ልጅ ምንም የሚሰጠው ሲያጣ ያለውን አንድ ነገር አውጥቶ ያቀርባል።

«ካልነገርሽ» አለች፣ «ስንሰነባበት እማዬ ብዬ እጠራሻለሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ያልጋነሽ ጥርሷን በመዳፏ ጨብጣ ልጅቷን አለበሰቻት።

ከዋርካው ሥር ሰው ተሰበሰበ። ማሬ የስንዱን ጀርባ ታቅፎ አንቀላፍቷል። ትርንጎ ፊቷን በስንዱ ጉያ ቀብራለች።

እማማ ጌጤነሽ በተጣመመ ጎናቸው ቆሙ፤ እፍኝ ጨው በመቀነታቸው ቋጥረዋል። «መላውን የመታሁት እኔ ነኝ» አሉ። «መላ ባይኖር ስንዱም የምታቅፈው፣ ያልጋነሽም የምታጥበው ባልኖረ። ልጆቹ የልጄ ዘር ናቸው፤ በአያታቸው ቤት ይደጉ።»

ስንዱ ተነሣች። «መላ ልጅ አያስታምምም» አለች። «ሲያቃጥላቸው አብሬ ተቃጠልኩ። ሌላም ክርክር የለኝም፤ ጠይቋቸው፣ እናታችሁ ማን ናት በሏቸው።»

አባ ጓንጉል ወደ ያልጋነሽ ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኔ» አለች ያልጋነሽ፣ «ወለድኳቸው። ከዚያም እንዲኖሩ ብዬ አልወለድኳችሁም አልኳቸው።»

«የልጅ አፍ በሸንጎ ተፈልቅቆ አይታይም» አሉ አባ ጓንጉል። «ዛሬ ልጅቷን ያጠብሻት አንቺ ነሽ። ቃልሽን እናምናለን። ጥርሷ ተነቅሏል ወይስ አልተነቀለም?»

እማማ ጌጤነሽ የመቀነታቸውን ቋጠሮ ይፈቱ ጀመር። ስንዱ ዓይኗን ጨፈነች። ትርንጎ ከጉያዋ ውስጥ በአንድ ዓይኗ ያልጋነሽን ታያለች።

ያልጋነሽ እጇን ብትከፍት ልጇን ታገኛለች፤ የምታገኛት ግን ወንድሟንና እናት የምትላትን በአንድ ቀን ያሳጣቻትን ሴት እያየች የምታድግ ልጅ ናት። ደግሞም ስድስት ዓመት ሙሉ የሸሸገቻትን በአደባባይ «የእኔ ናት» ስትል፣ ሞት የትኛው ዛፍ ሥር ቆሞ እንደሚሰማ አታውቅም። እጇን እንደ ጨበጠች ብትቀር ሁለቱ ልጆች አብረው፣ በፍቅር ይሄዳሉ፤ እሷም አንድ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እማዬ» ትባላለች። ከዚያ በኋላ ቤቷ ውስጥ እንጨት ላምጣ የሚያሰኛት ድምፅ አይኖርም።

ጥርሷ ገና በያልጋነሽ መዳፍ ውስጥ ናት።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንዷ መላውን አመጣች፤ አንዷ ክንዷን ሰጠች፤ አንዷ ስሟን ተወች። ልጆቹ የሚገቡት ለየትኛዋ ነው? ያልጋነሽስ እጇን ትክፈተው?