ውኃ አልጠጣም ያሉት ፊታውራሪ

በአንድ ወቅት፣ በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ጓንጉል የሚባሉ ፊታውራሪ ነበሩ። «ውኃ ለበቅሎ ነው» እያሉ ጧትም ማታም ጠጅ ብቻ ይጠጣሉ። ሰውነታቸው ከመግዘፉ የተነሳ በቅሎ ላይ የሚያወጧቸው አራት ሰዎች ሆኑ። ኋላም ኩላሊታቸውን ጠጠር ያዘው፤ ሽንታቸው በመጣ ቁጥር ግድግዳ ይቧጥጣሉ። ሐኪም መጥቶ «ጠጁን ይተዉ፣ ውኃ ይጠጡ፤ አለዚያ ዓመት አይደርሱም» ቢላቸው ውሻ ለቀቁበት።

ይህን የሰማችው ጠጅ ጣያቸው ትርንጎ ዐሥራ ሁለት ጋን ጠጅ ደፋች። ጅራፍ ወረደባት።

«ይግረፉኝ! መሞቻዎን በዚህ እጄ አልጥልም» አለች።

ጀርባዋን ያዩ የአገሩ ጠጅ ጣዮች ሁሉ እንደ እሷ እምቢ አሉ።

ፊታውራሪ ግን ከሩቅ በሚያስመጡት አረቄ ጉሮሯቸውን ማርጠብ ያዙ። የወንዝ ውኃ ቢቀርብላቸው «ጭቃ አልጠጣም!» ብለው ተፉት። ይኼኔ ዘለለው የሚባለው በቅሎ ጠባቂያቸው ገደል ቧጥጦ ወጥቶ ከምንጭ ንጹሕ ውኃ በቅል ቀዳላቸው። ፊቱ ላይ ደፉበት። ፊቱን ጠረገና «ነገም አመጣለሁ» አለ። በማግስቱ አመጣ፤ ደፉበት። ሰባት ቀን ሙሉ እንዲሁ ሆነ።

በስምንተኛው ቀን ልጃቸው አትጠገብ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እርስዎ ውኃ ካልጠጡ እኔም አልቀምስም።»

«ሲጠማሽ ትቀምሻለሽ» ብለው ሳቁ።

በሁለተኛው ቀን ከንፈሯ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው «አባባ» ማለት አቃታት። ፊታውራሪ እየተራገሙ ከዘለለው እጅ ቅሉን ነጥቀው ጨለጡት። የተረፈውን ለልጃቸው አጠጧት።

በወሩ ጠጠሩ ወጣ። ጠጁም አረቄውም ቀርቶ፣ ከምግብም በፊት ውኃ እየጠጡ፣ ቦርጫቸው ቀስ በቀስ ጎደለ። ክረምቱ ሲወጣ ማንም ሳይደግፋቸው በቅሏቸው ላይ ወጡ።

«የምንጩን መሬት ላዳነኝ ሰው ሰጥቻለሁ» አሉ።

ትርንጎ፣ ዘለለውና አትጠገብ ሦስቱም «ያዳንኋቸው እኔ ነኝ» ብለው ሽማግሌ ፊት ቆሙ።

«ጠጅ ሞልቶ ቢሆን ውኃ ማን ያይ ነበር?» አለች ትርንጎ።

«ንጹሕ ውኃ ባላመጣ ምን ሊጠጡ ኖሯል?» አለ ዘለለው።

«ያ ሁሉ ሆኖም አልጠጡም። የጠጡት ለእኔ ነፍስ ሲሉ ነው» አለች አትጠገብ።

ሽማግሌዎቹ «እኩል ተካፈሉት» ቢሏቸው ሦስቱም «አንካፈልም!» አሉ። ሸንጎው ለሁለት፣ ለሦስት ተከፍሎ ዋለ፤ ሳይስማማም ተበተነ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ መሬቱ የሚገባው ለማን ነው?